ቆሞ መሄድ

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ዛሬ አንዲት የግሪክ ቃል ቢሮአችን ገብታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ኤክስታሲስ ትባላለች። ግሪኩን የሚያርሙልን መምህር ሰሌዳው ላይ ጻፏትና መነጽራቸውን አወለቁ፤ «ይህቺ ታስቸግረናለች» አሉ። «ገሃነም» የሚለውን ቃል በአንድ ከሰዓት ተርጉመው የጨረሱ ሰው እንዲህ ካሉ ነገር አለ ማለት ነው።

አዲስ ሠራተኛ ስለመጣች ሥራውን ከሀ ጀምሬ ሳስረዳ ነው የዋልኩት። ስሟን ገና አልያዝኩትም፤ አዲሷ እላታለሁ። ቅዱሱን መጽሐፍ ወደ ምልክት ቋንቋ እንመልሳለን፣ በወረቀት ሳይሆን በፊልም። መስማት የተሳናት ታናሽ እህቴ ሰማያዊው መጋረጃ ፊት ትቆማለች። እኔ ከካሜራው ሥር ተቀምጬ ጽሑፉን በእጄ እነግራታለሁ፣ እሷ በራሷ ቋንቋ ታወጣዋለች። ከዚያ ታሪኩን ሰምተውትም አይተውትም የማያውቁ መስማት የተሳናቸው ሰዎች ፊልሙን ያዩና የገባቸውን መልሰው ይነግሩናል። ተሳስተው ከነገሩን የተሳሳትነው እኛ ነን። «ስቱዲዮው ለምን ብረት ቤት አናት ላይ ሆነ?» አለች አዲሷ ጆሮዋን ይዛ። ርካሽ ስለሆነ፣ አልኳት። ካሜራችን ድምፅ አይቀዳም፤ ታች ያሉት ቀኑን ሙሉ በር ሲቀጠቅጡ ቢውሉ እኛ ግድ የለንም።

ወደ ቃሏ ልመለስ። ዓሣ አጥማጁ ሐዋርያ ቀትር ላይ ሊጸልይ ጣሪያ ላይ ወጣ። ራበው። ምሳው እስኪሰናዳ ኤክስታሲስ መጣበት፤ ሰማይ ተከፍቶ፣ አራት ጫፉ የተያዘ ትልቅ ጨርቅ የመሰለ ነገር ሲወርድ አየ። እኛ በአማርኛ ተመስጦ የምንለው ነው። መምህሩ እንዳሉት ግን የቃሏ ሥር ከቆሙበት ወጥቶ መቆም ነው። ደግሞ እዚህ ብቻ አይደለችም። የሞተችው ልጅ ተነስታ ስትራመድ ያዩ ሰዎች የተደነቁት መደነቅም እሷው ናት። ከባዶው መቃብር ሴቶቹን እያንቀጠቀጠች ያስሮጠቻቸውም እሷው ናት። አንድ ቃል ስንቱን ትሸከማለች!

እህቴ ሁሉን አይታ አንድ ነገር ጠየቀች። «የት ነው የሚሄደው?»

«መጽሐፉ አይልም» አሉ መምህሩ።

«ታዲያ ምኑን ላሳይ?»

እኔ በዚህ መሃል ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ሳጠብቅ ቆየሁ። ጫማዬ ማሰሪያ የለውም፤ ደግነቱ ማንም አላስተዋለም።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

ሦስት ሙከራ፣ ሦስት ውድቀት።

መጀመሪያ እንቅልፍና ሕልም አድርጋ ሠራችው። ከተመልካቾቻችን አንዱ የሆነው አናጢ አይቶ ሲመልስ፦ «ምሳ ዘገየበትና ተኛ። እኔም እተኛለሁ።» ቀጥሎ ዓይን ማፍጠጥ፣ አፍ መክፈት ሆነ። ልብስ አጣቢዋ፦ «ጣሪያው ላይ እባብ አየ።» በሦስተኛው እጇን ከግንባሯ አንስታ ወደ ላይ አበረረችው። ሁሉም በአንድ ጊዜ «አበደ!»

ቆራጩ ሳቁ አምልጦት ከክፍሉ ወጣ። ካሜራውን የሚይዘውም ፊልሙን የሚቆርጠውም እሱ ነው፣ ስሙን ያገኘውም ከዚያ ነው። እህቴም ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ያቺን «አበደ» የምትል ምልክት አልወዳትም። ልጆች ሆነን ትምህርት ቤት ደጅ ላይ ስትሠራ አይቻለሁ፤ ጣቱ ወደ ማን ይጠቁም እንደነበርም አልረሳሁም።

ሰኔ 7፣ ዓርብ

ሰብሳቢው መጡ። የቦርዳችን ሰብሳቢ ሲናገሩ ሰውን ሳይሆን ሰዓታቸውን ነው የሚያዩት።

«ለአንዲት ቃል ሳምንት? ፊደል በፊደል በጣት ትጻፍና እንለፍ። ደግሞ እነዚህ ልጆች ይህን ረቂቅ ነገር የት ያውቁታል?»

እኔ ለእህቴ፦ «ጊዜ አጥሮናል፣ በጣት ፊደል ብናደርገው ምን ይመስልሻል ነው የሚሉት።»

እሷ፦ «ቃሉ ያልገባው እሱ ነው በይው። ፊደል ቆጥሮ ተመስጦ የገባው ሰው አለ?»

እኔ ለሳቸው፦ «ትንሽ ጊዜ ቢሰጠን ትላለች።»

ሁሉም በሰላም ተለያየ። ክፉውን በመሃል መንገድ ላይ አስቀርቼ ደጉን ብቻ አደርሳለሁ። እንዲህ ያለ አስተርጓሚ በፋኖስ ተፈልጎ አይገኝም። እሷ ግን ሲወጡ የሰውየውን ጀርባ አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፤ «አንገቱ ቀልቷል። ምን ይመስልሻል ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንዲህ ይቀላል?» አለችኝ። ዓይኗ አይጣል ነው።

ደረጃው ላይ ሰብሳቢው ለመምህሩ ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ። «ልጅቷ አንዳንዴ ፊቷ ጥፍት ይላል። አይተው ያውቃሉ?» መምህሩ «ስታስብ ነው» አሉ። እግዜር ይስጣቸው። ስታስብ ነው። ሰው አይደክመውም? ሰው አያስብም?

ሰኔ 10፣ ሰኞ

ቀረጻው ሆነ። ማታ እጽፋለሁ። ማንም አላወቀም። ማንም።

ማታ

እሺ፣ ልጻፈው።

ዓሣ አጥማጁ ደረጃውን ወጣ፣ ጣሪያው ላይ ደረሰ፣ እጁን ለጸሎት ዘረጋ፣ ሆዱን ነካ፣ ራበው። እስከዚህ ድረስ እንደ ወትሮዋ ቆንጆ ነበር። ከዚያ ቀና ብላ «ሰማይ» ልትል እጆቿን አነሳች፣ እጆቿም እዚያው አየር ላይ ቀሩ። ፊቷ ለቀቀ። ዓይኗ ተከፍቶ ማየት አቆመ። ከንፈሯ በትንሹ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ተመለሰች፣ የተሰቀሉት እጆቿ «ተከፈተ» አሉ፣ ጨርቁን አወረደችው፣ ቀጠለች።

ቆራጩ «እግዚኦ» አለ። መምህሩ መሐረብ ፈለጉ። አዲሷ አፏን በእጇ ይዛ «እንዴት አድርጋ ነው የተወነችው?» አለችኝ።

«ተሰጥኦ ነው» አልኩ።

እኔ ከልጅነቷ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያ ነገር ነው። ቤታችን ውስጥ ስም የለውም፤ «ያ ነገር» ነው የምንለው። ይመጣል፣ አሥር እስኪቆጠር ይቆያል፣ ይሄዳል። ኪኒኑ ቀንሶታል እንጂ አላጠፋውም። እሷ መምጣቱንም መሄዱንም አታውቅም፤ የምታውቀው ከሰው ፊት ነው፣ ስትመለስ ሰው ሁሉ ትኩር ብሎ ሲያያት። ዛሬ ግን ሰው ሁሉ እንባ አቅርሮ አያትና ደስ አላት። «ጥሩ ነበር?» አለችኝ። «ከጥሩም በላይ» አልኳት። ይህ ውሸት አይደለም።

ለቢሮው ያልተናገርኩት ደግሞ ከሥራዋ እንዳያስወጧት ነው። ስትቀጠር «ጤናሽ?» ሲሉ የመለስኩት እኔ ነኝ፣ «ደህና ናት» ብዬ። ደህና ናት እኮ! እኔን ጨምሮ እዚያ ቢሮ ውስጥ እንደ እሷ የሚሠራ ማን አለ? ዝም አይነቅዝም።

ሰኔ 14፣ ዓርብ

ዛሬ ተመልካቾቹ አዩት። እህቴን እማዬን ሐኪም ቤት እንድትወስዳት ላክኋት። የእማዬ ቀጠሮ ለሳምንት ነበር፣ እኔ ነኝ ያስቀየርኩት፤ ወረፋው ስለሚቀል ነው።

አናጢው አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ፦ «ሄደ። እዚያው ቆሞ ሄደ።» ልብስ አጣቢዋ፦ «ሄዶ መጣ።» ያቺ አስቸጋሪ ተማሪ እንኳን፣ እኛን ማረም የምትወደው፣ «ቆሞ ሄደ፣ ተመለሰ» ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። መምህሩ ከወንበራቸው ተነሱ። «ይኸው! ከቆሙበት ወጥቶ መቆም!» ብለው አዲሷን አቀፏት፣ ቅርብ የነበረችው እሷ ስለሆነች። ሰብሳቢው እንኳን ሰዓታቸውን አላዩም።

ፊልሙ እንዳለ ይለፍ ተባለ። ጣት ፊደል ሲሉን የነበሩት ይኸው አፋቸውን ያዙ። ደስታዬ ወሰን አጣ። የመጣው ይምጣ፣ ይህን ፊልም እኔ አላስነካውም።

ሰኔ 17፣ ሰኞ

ቆራጩ ቀረጻውን ለእህቴ ላሳያት አለ። «እስካሁን አላየችውም እኮ፣ ያሳዝናል።»

«ራሷን ማየት አትወድም» አልኩት።

«ባለፈው ወር ሁሉንም አይታ አሥሩን አስደገመችኝ!»

ያ ሌላ ነው፣ ብዬው ወጣሁ። ምን ሌላ እንደሆነ አልጠየቀኝም። ጥሩ ልጅ ነው፣ ጥያቄ አያበዛም። እማዬ ማታ «ምን ሆነሻል፣ ምግብ ታላምጫለሽ አትውጪም» አለችኝ። ሥራ በዝቶ ነው።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

አየችው።

እኔ ወረቀት ላባዛ ወርጄ ነበር። ስመለስ ቆራጩ ማሽኑ ፊት ቆሞ ይሳቅ ወይ ያልቅስ ግራ ገብቶታል፣ እሷ ወንበሩ ላይ ናት። ደግማ ደጋግማ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። እጆቹ ይነሳሉ፣ ፊቱ ይለቃል። እጆቹ ይነሳሉ፣ ፊቱ ይለቃል።

«ይቺ ማን ናት?» አለችኝ።

እጄ ላይ ወረቀት ነበር፣ ማስቀመጫ አጣሁ።

«እንዲህ ነኝ? ሰው ሁሉ የሚያየው ይሄንን ነው? አውቶቡስ ላይ፣ ገበያ ላይ፣ ሁልጊዜ ይሄንን?» ከዚያ፦ «አንቺ አይተሽ አውቀሽዋል። የዚያን ዕለት አውቀሻል። ጥሩ ነበር ስልሽ ከጥሩም በላይ አልሽኝ።»

ለሥራሽ ብዬ ነው ማለት ጀመርኩ። ዓይኗን ጨፈነች።

እሷ ዓይኗን ከጨፈነች እኔ ዲዳ ነኝ። ብጮህ አትሰማ፣ እጄን ባወራጭ አታይ። ትከሻዋን ብነካት ትከሻዋን አስለቀቀችኝ። ቆራጩ «ምን አደረግኩ? ምን አጠፋሁ?» ይለኛል ከጎን። ምንም አላጠፋህም፣ አልኩት። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። ምንስ አጠፋሁ? ያንን ፊልም የሚያክል ነገር ማን ሠርቶ ያውቃል?

ሰኔ 20፣ ሐሙስ

ቁርስ ላይ ዓይኗ ሳህኗ ላይ። ታክሲ ውስጥ ዓይኗ መስኮቱ ላይ። ሥራ ቦታ አዲሷን ብቻ ታያለች።

ያቺ ልጅ ምልክት ቋንቋ የተማረችው በኮርስ ነው፣ ጣቷ እንደ እንጨት ነው። ይስቃሉ ደግሞ።

ሰኔ 22፣ ቅዳሜ

ሰብሳቢው አወቁ። የነገራቸው ሰው ቆራጩ መስሎኝ ልጣላው ሄጄ ነበር፤ ለካ ራሷ ናት። ትናንት ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጥታቸዋለች፦ «የዚያ ቀን ቀረጻ ትወና አይደለም፣ ሕመሜ ነው።» በዚህች በአንዲት መስመር! እኔ ስንት ዘመን የደበቅኩትን!

ሰብሳቢው ቢሮ ገባሁ። ከዛሬ ጀምሮ አንቱታው ቀርቷል፣ ቢያንስ በዚህ ደብተር ውስጥ። ሰውየው የሚለው ይህ ነው፦ ፊልሙ ይጥፋ። ልጅቷ «ትረፍ»። በእሷ ቦታ አዲሷ ትቁም።

«በቅዱስ ቃል ላይ የበሽታ ፊት እናሳይ? ሰው ምን ይላል? ክፉ መንፈስ ነው የሚሉም አይጠፉም።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔማ ርኅራኄ ነው ያለኝ።»

«ርኅራኄዎን ለራስዎ ይያዙት። ከሳምንት በፊት ይህንኑ ፊት አይተው እንባዎን ጠርገዋል! ያኔ የመንፈስ ቅዱስ ነበር፣ ዛሬ የበሽታ ሆነ?»

በሩን በኃይል ስዘጋው ብረት ቤት ያሉት ራሳቸው ቀና ብለው አዩ። ቦርዱ ሐሙስ ይሰበሰባል። ይሰብሰብ። ያ ፊልም አይጠፋም፣ እህቴም ከዚያ መጋረጃ ፊት አትነሳም። አንገቴን ለሰይፍ!

ሰኔ 24፣ ሰኞ

ንግግሬን እያዘጋጀሁ ነው። ከመምህሩ ጋር ቃሏ ያለችበትን ቦታ ሁሉ አወጣን። ከሁሉም በፊት በጥንቱ የግሪክ ትርጉም የመጀመሪያው ሰው ጎኑ ሲከፈት የወደቀበት እንቅልፍ ራሱ ኤክስታሲስ ነው። የተኛው ሰው አልሰማ፣ አላየ። «ሴቲቱ የተሠራችው ባዶነቱ ውስጥ ነው» እላቸዋለሁ። ምን ይመልሳሉ?

ይህ ካልሆነ ሁለተኛ ሐሳብ አለኝ። ኪኒኗ ይጨመር፣ ሐኪም ይጻፍላት፣ እኔ ከጎኗ አልለይም ብዬ ልፈርም፣ ሲመጣባት ካሜራውን አስቆማለሁ። ይህን ለሰብሳቢው አስቀድሜ በስልክ ነገርኩት፣ ለማለዘብ። «ይታያል» አለ።

እማዬ ከጓዳ ሆና ሰምታኛለች። «ልጅቷን ጠየቅሻት?»

«ምኑን?»

«ምኑንም።»

«ታኩርፈኛለች፣ እንዴት ልጠይቃት?»

«እኔ እጄ ቋንቋውን እምቢ ብሎት ግማሹን ሳልረዳት አሳደግኳት። አንቺ ሙሉውን ትረጃታለሽ፣ ግን እኔ ባልጠየቅኳት ጊዜ ስላልገባኝ ነው። የአንቺ ምንድነው?»

እማዬ አንዳንዴ ነገር ታበዛለች።

ሰኔ 26፣ ረቡዕ

ዛሬ አየችኝ። ከሳምንት በኋላ ዓይኗን ሰጠችኝ። እንዲህ አለች፦

«ነገ የምናገረው እኔ ነኝ።»

«ጥሩ፣ እኔ አስተረጉምልሻለሁ።»

«አዲሷ ናት የምታስተረጉመው።»

እንዴ! ያቺ ልጅ «ምሳ»ና «ሚስት» የምታምታታ ልጅ ናት። እሷን በቦታሽ ሊያስቀምጧት እኮ ነው፣ አልኳት። «አውቃለሁ። እሷም ታውቃለች። እያለቀሰች ነግራኛለች። እሷ ስትሳሳት አይቼ አርማታለሁ፣ የማታውቀውን አላውቅም ትለኛለች። አንቺ አትሳሳችም። አንቺ ታጣፍጫለሽ። የሰው ስድብ አንቺ ጋ ሲደርስ ልመና ይሆናል፣ የእኔም ስድብ እንደዚሁ። ሠላሳ ዓመት ማን እንደሰደበኝ አላውቅም፣ ማንም እንደሰደብኩት አያውቅም።»

ተቀይሜአለሁ። እጽፈዋለሁ፣ ተቀይሜአለሁ። ሰው ድምፁን ሰጥቶ ይህ ይከፈለዋል?

ሰኔ 27፣ ሐሙስ

ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ፤ ስብሰባ ላይ እጄ ሥራ ፈቶ አያውቅም።

ሰብሳቢው ስለ ቅዱስ ቃል ክብርና ስለ ርኅራኄ ተናገረ። አዲሷ ሁሉንም አንድ በአንድ አስተላለፈች፣ «የበሽታ ፊት» የሚለውን ሳይቀር። እህቴ የበሽታ ፊት ስትባል በገዛ ዓይኗ አየች። ክፍሉን ጥዬ ልወጣ ነበር። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች፣ በሙሉ እንደደረሳት ሰው፣ እና ተነሳች። አዲሷ ድምፅ ሆናት እንዲህ አለች። ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«ያ ፊት የእኔ ነው። አላፍርበትም። ፊልሙ ግን ይጥፋ።»

እኔ ነኝ የጮህኩት። «ኧረ በፈጠረሽ!» ማን ይሰማኛል።

«ስለታመምኩ አይደለም። ትርጉሙ ስህተት ስለሆነ ነው። እኔ ስሄድ ምንም የለም። ጨርቅ የለም፣ ሰማይ የለም። መብራት ጠፍቶ የመጣ ያህል ነው። ተመልካቾቹ ሄደ፣ መጣ አሉ። ምን አየ ብላችሁ ጠየቃችኋቸው?»

መምህሩን አየኋቸው። እሳቸው እኔን አዩኝ። አልጠየቅንም። ሁልጊዜ የምንጠይቀውን፣ ከሁሉ በፊት የምንጠይቀውን፣ ተቃቅፈን ስንላቀስ ረሳነው።

«ዓሣ አጥማጁ አየ። ጨርቁ ላይ ያሉትን እንስሳት አርደህ ብላ ሲባል እምቢ አለ። ሦስቴ ተነግሮት ተከራከረ። እምቢ የሚል ሰው ባዶ አይደለም። እሱ ከእኔም ከእናንተም ይልቅ ነቅቶ ነበር። የእኔን ባዶ ወስዳችሁ ለእሱ አትስጡት።»

ከዚያ ወንበሮቹን ገፋ አድርጋ መሃል ቆመች። ካሜራ ፊት የሚቆም ሰው እግሩን አያነሳም፣ ከፍሬሙ ይወጣል፤ ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጸለየች፣ ራባት፣ ቀና አለች። እና እግሯን አነሳች። አንድ እርምጃ ወደ ጎን ወጣች፣ ዞር ብላም አሁን የለቀቀችውን ቦታ አየችው፤ የራበው ዓሣ አጥማጅ እዚያው ቆሞ ይታየኝ ነበር፣ እምላለሁ። ከዚያ ወደ ላይ አየች። ፊቷ አልጠፋም። እንደዚያ ሞልቶ አይቼው አላውቅም። ጨርቁ ሲወርድ በዓይኗ ተከተለችው፣ እየተደነቀች። ያኔ ገባኝ፦ የሰዎቹ መደነቅና የእሱ ተመስጦ ለምን አንድ ቃል እንደሆኑ። ገብቶኝ ደግሞ ተናደድኩ፣ ከእኔ ቀድማ ስለገባት።

አናጢውን ይዛው መጥታ ነበር። ከክርክሩ በኋላ ገብቶ በር ላይ ቆሞ አይቷል። መምህሩ ጠየቁት፦ ምን ሆነ? «ከራሱ ወጣ። ቤቱን ከውጭ እንደሚያይ ሰው።» ምን አየ? «ጨርቅ። ከላይ የሚወርድ። ውስጡ ምን እንዳለ ግን አላሳየችንም፣ ትቀጥል!»

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህኛው ይቀረጽ። የጤናው ጉዳይ በኋላ ይታያል።»

«አሁን ይታይ» አለች።

«ካሜራ ፊት ሳለሽ ቢመጣብሽስ?»

«ቆራጩ ይቆርጠዋል። ደመወዙን የሚበላው ለዚህ ነው።»

ከቦርዱ አንዲት ሴትዮ ሳቀች፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ሰብሳቢው ብቻ ቀረ። እጅ ይነሳ ተባለ፣ ተነሳ። ትቀጥላለች። አሸነፈች፣ ያለ እኔ፣ እኔ ልሟገትለት በመጣሁት ነገር ላይ ጭምር። የእኔ ንግግር ቦርሳዬ ውስጥ እንደተጠቀለለ ነው።

ሰኔ 28፣ ዓርብ

ከካሜራው ሥር አዲሷ ትቀመጣለች። እህቴ ጠይቃ ነው። እኔ ጽሑፍ ወደ ማዘጋጀት ተዛውሬአለሁ፣ ሌላ ክፍል፣ ከመምህሩ ጋር።

አላለቀስኩም። መምህሩ መሐረብ ያቀበሉኝ ጉንፋን ይዞኝ ነው። ማንም ሰው ነገ ተነስቶ ወደዚያ ወንበር ተመለሺ ቢለኝ ደግሞ አልቀመጥም። የራሷ ጉዳይ። «ምሳ»ን «ሚስት» ብላ ዓሣ አጥማጁን ካጋባችው እንዳትጠሩኝ።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ማሽኑ ክፍል ውስጥ ቆራጩ የሰኔ አሥሩን ቀረጻ ሲያጠፋ እህቴ አጠገቡ ቆማ ነበር። ከመጥፋቱ በፊት አንድ ጊዜ ብቻዬን ልየው ብላ አስወጥታዋለች። እኔ ኮሪደር ላይ ነበርኩ። አልገባሁም። መግባት ፈልጌ ነበር፣ አልገባሁም። እንዲህ ያለ ነገር ማንም አያመሰግንም፣ እዚህ ይጻፍ።

ሐምሌ 15፣ ሰኞ

ከመጽሐፉ ሌላ ክፍል ጀምረናል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሲጽፉ ከጀርባቸው ሆኜ አነበብኩ። ጌታ ሕዝብ ከቦት እንጀራ መብላት እንኳን ሲያቅተው ዘመዶቹ ሰምተው ሊይዙት መጡ፣ «ራሱን ስቷል» ብለው። መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጠው ሳያዩኝ፦ «ግሡ ከዚያችው ከኤክስታሲስ ሥር ነው» አሉ። አውቄአለሁ፣ አልኩ። አላወቅኩም ነበር።

ከሰዓት በኋላ እህቴ በራፌ ላይ መጥታ ቆመች። ከሥራ ክፍሏ ከወጣሁ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

«እነዚያ ዘመዶቹ ይወዱት ነበር?»

«መጽሐፉ አይልም።»

«አንቺን ነው የጠየቅኩት።»

«ይወዱት ነበር» አልኩ። «የሚሉትን የሚያስላቸው መውደዳቸው ነው። ሰው ቀድሞ እንዳይዘው እነሱ ሊይዙት ነው የመጡት።»

ራሷን ነቀነቀች። «እንደዚያ ነው የመሰለኝ። የቁጣ ፊት አድርጌ ሞከርኩት፣ አናጢው ሌቦች ናቸው አለ። የፍቅር ፊት አደረግኩት፣ ልብስ አጣቢዋ ሊጠይቁት ነው የመጡት አለች። ሁለቱንም አንድ ላይ የያዘ ፊት እፈልጋለሁ።» ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «አንድ ብቻ ነው የማውቀው። መጥተሽ ከካሜራው ሥር ተቀምጠሽ እዪኝ። እያየሁ እወስደዋለሁ።»

ደሜ ፈላ። መጽሐፉ እስካለ ድረስ በዚያ ፊት ሊያዩኝ፣ አናጢው፣ ተማሪዋ፣ ሰብሳቢው ሁሉ! እሷን የሚያይ እኔን ሊያይ!

«እምቢ ካልኩስ?»

«እምቢ በይ» አለች። «እኔ ግን ጠይቄሻለሁ።»

አዲሷ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። ተቀመጥኩና እህቴን እንደ ሁልጊዜዬ አየኋት።